የመመረቂያ ጥናት መረጃን ከመንግሥት ቢሮ መሰብሰብ፦ በጎንደር ለሚማሩ የሕዝብ አስተዳደር ተማሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው በመዝገብ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ፕሮፖዛሉ ጸድቆ፣ መጠይቁ ኮፒ ቤት ተባዝቶ፣ ተማሪው ከማራኪ ግቢ ተነሥቶ ቢሮው ከደረሰ በኋላ የሚፈልገው መረጃ እዚያ እንደማይያዝ፣ ወይም ደብዳቤው ለማይመለከተው አካል እንደተጻፈ፣ ወይም ሳምንቱ የሪፖርት ሳምንት እንደሆነ ይነገረዋል። የቀረው የታወቀ ነው፤ ወር ያልቃል፣ መጠይቁ በዶርም ውስጥ በጓደኞች እጅ ይሞላል፣ ፈታኙም በዲፌንስ፣ ማለትም ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚያስረዳበት ዕለት፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጨርስ ነገሩን ይደርስበታል።

ይህ መመሪያ አንድ ምሳሌ ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ምሳሌው በጎንደር ከተማ ሦስት ቀበሌዎች የሚሰጥ የልደት ምዝገባ አገልግሎት ነው። ርዕሳችሁ የንግድ ፈቃድ፣ የቦታ ይዞታ ወይም የቅሬታ አፈታት ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። በምሳሌው ውስጥ ያሉት የመዝገብ ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ የገቡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን ከመጻፋችሁ በፊት ቢሮውን እዩ

«በጎንደር ከተማ የመልካም አስተዳደር ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ አትሂዱ። እንዲህ ያለው ርዕስ በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚያልቅ አይደለም፤ ከዚያም በላይ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መዝገብ፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ ስለማይናገር የሚሰበሰብ ነገር የለውም። ርዕሱን አንድ አገልግሎት፣ አንድ በጀት ዓመትና የተወሰኑ ቀበሌዎች እስኪሆን ድረስ አጥብቡት።

1. ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ አንድ ቀን ወደ ቢሮው ሄዳችሁ ተቀመጡ። ወረፋው እንዴት እንደሚሄድ፣ ባለጉዳዩ ከየትኛው መስኮት ወደ የትኛው እንደሚላክ፣ ለምን ተመለስ እንደሚባል በማስታወሻ ያዙ።

2. በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ፈልጉ። ከእርሱ ላይ ሦስት ነገሮችን ገልብጡ፦ አገልግሎቱ የሚጠይቀውን ጊዜ፣ ክፍያውንና ባለጉዳዩ ማሟላት ያለበትን ቅድመ ሁኔታ። ቢሮው ለራሱ ያስቀመጠው መለኪያ ይህ ስለሆነ፣ ጥናታችሁ በቻርተሩ ላይ በተጻፈውና በተግባር በሚታየው መካከል ያለውን ርቀት ከለካ ብቻውን በቂ ጥናት ነው። ቻርተሩ ካልተለጠፈ ያንንም መዝግቡ፤ እርሱ ራሱ ግኝት ነው።

3. ባለሙያውን «ምን ዓይነት መዝገብ ትይዛላችሁ? ዓምዶቹስ ምን ምን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልደት የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ ሕፃኑ የተወለደበት ቀንም የተመዘገበበት ቀንም ይሰፍራል። እነዚህን ሁለት ዓምዶች ብቻ ይዛችሁ አንድ ልደት በስንት ቀኑ እንደተመዘገበ ማስላት ትችላላችሁ፤ የማንንም አስተያየት መጠየቅ አያስፈልግም።

ከቢሮው ስትወጡ የምትፈልጉት መረጃ በጽሑፍ የተያዘ መሆኑን፣ ማን ዘንድ እንደሚገኝና ያ ሰው ለመስጠት የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው መናገር ካልቻላችሁ ርዕሱን አሁኑኑ ለውጡ። ዛሬ መለወጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ያስከፍላል፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ምርቃቱን ሊያሳልፍባችሁ ይችላል።

የት ቀበሌ? ከከተማው ውጭ ያለ ወረዳ ከመምረጣችሁ በፊት መንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ አመዛዝኑ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚቋረጥ ጥናት ከመጀመር ይልቅ፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው የከተማ ክልል ውስጥ በታክሲ ወይም በባጃጅ ደርሳችሁ የምትመለሱባቸውን ቀበሌዎች ምረጡ። «ቅርብ ስለሆነ መረጥሁት» ብሎ በጥናቱ ወሰን ላይ በግልጽ መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ፈጥሮ መጻፍ ግን በዲፌንስ ላይ ያጋልጣል።

ደረጃ 2፦ ሕጉን ለዩ

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ተማሪዎች የቀበሌ ወይም የክፍለ ከተማ ሠራተኞችን ሲያጠኑ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን ይጠቅሳሉ። ይህ አዋጅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሠራተኞች የሚመለከት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በአዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተተክቷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በተመለከተ ሕግ የሚያወጣው ክልሉ ራሱ ነው። ስለዚህ የፌዴራሉን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልልን ሕግ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ፈልጉ፤ የምትጠቅሱት አዋጅ በኋላ በወጣ ሕግ የተሻሻለ ወይም የተተካ መሆን አለመሆኑንም ሳታረጋግጡ ወደ ጽሑፉ አታስገቡ።

ለምሳሌያችን የሚያስፈልጉት ሕጎች ጥቂት ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደተሻሻለው ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይጠይቃል። የመረጃ ነፃነትን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በኋላ በሌላ ሕግ ስለተተካ፣ ስትጠቅሱት የመረጃ ነፃነቱን ክፍል ማለታችሁን ለዩ።

እነዚህን አዋጆች በሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ ደርድራችሁ አትለፏቸው። 90 ቀን የሚለው ቁጥር የጥናቱ ዋና መለኪያ ነው፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሠንጠረዡ የሚሠራው በእርሱ ነው።

ደረጃ 3፦ የድጋፍ ደብዳቤውን በትክክል አስጽፉ

ከትምህርት ክፍሉ የሚሰጠው የተለመደ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ማንም ባለሙያ እንደሚመለከተው ስለማይቆጥረው አትቀበሉ፤ በትሕትና እንዲስተካከል ጠይቁ።

1. ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ ለማወቅ በደረጃ 1 ያገኛችሁትን ባለሙያ «የወሩን ሪፖርት ለማን ነው የምትልኩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀበሌው ሪፖርት የሚያደርግለት የበላይ አካል ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ቀበሌው ከመራላችሁ በሩ ይከፈታል። በቀጥታ ለቀበሌው የተጻፈ ደብዳቤ ግን «ከበላይ ይምጣ» ተብሎ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

2. በደብዳቤው ውስጥ ሙሉ ስማችሁ፣ የመታወቂያ ቁጥራችሁ፣ የጥናቱ ርዕስ፣ የምትፈልጉት መረጃ ዓይነት፣ መረጃው የሚሸፍነው ጊዜና መረጃው ለትምህርት ብቻ እንደሚውል መጻፉን አረጋግጡ። የመረጃውን ዓይነት የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ተማሪዋ በ2016 በጀት ዓመት የተመዘገቡ ልደቶችን የትውልድ ቀንና የምዝገባ ቀን ብቻ፣ የግለሰቦች ስም ሳይጠቀስ፣ ከመዝገብ ላይ እንድትወስድና ባለጉዳዮችን በመጠይቅ እንድታነጋግር ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን።» ምን እንደማትፈልጉ መጻፉ፣ ማለትም ስም እንደማይወሰድ መግለጹ፣ ኃላፊው ለመፈረም እንዳያመነታ ያደርገዋል።

3. ከትምህርት ክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መሟላታቸውን እዚያው ቆማችሁ ተመልከቱ። ማኅተሙ ፊርማውን ካልነካ፣ ወይም ቀኑ ካልተጻፈ፣ ሌላ ጉዞ ይጠብቃችኋል።

4. ለእያንዳንዱ ቢሮ የተለየ ዋና ቅጂ አስጽፉ፤ ለራሳችሁም ሁለት ፎቶ ኮፒ አስቀሩ።

5. ደብዳቤውን ለባለሙያው በእጁ አትስጡ። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና የገቢውን ቁጥርና ቀን በቅጂያችሁ ላይ አስጽፉ። ከዚያ ወዲያ የምትጠይቁት በቁጥሩ ነው፦ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን ገቢ የሆነው ደብዳቤ ለማን ተመራ?»

6. ኃላፊው በደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ለእገሌ፣ ትብብር ይደረግ» ብሎ የጻፈበትን ምሪት አንብቡ። ምሪቱ የተጻፈለትን ሰው ስም ሳታውቁ ከቢሮ ወደ ቢሮ አትዙሩ።

ሲሰናከል

*«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባላችሁ* ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ተወካይ ያልተሰየመ እንደሆነ ጸሐፊዋ ስብሰባው የሚያልቅበትን ሰዓት ታውቃለች፤ ከእርሷ ጋር በአክብሮት መነጋገርን ቀላል ነገር አታድርጉት። ከኃላፊው ይልቅ ቀናችሁን የምታድነው እርሷ ናት።

*ደብዳቤው ከጠፋ* አዲስ ለማስጻፍ ወደ ማራኪ ከመመለሳችሁ በፊት የገቢ ቁጥሩን ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በሌላ ፋይል ሥር ነው።

*መረጃውን አንሰጥም ከተባላችሁ* ምክንያቱን ጠይቁ፤ ምክንያቱ የግለሰብ ምስጢር ከሆነ ጥያቄያችሁን ወደ ድምር ቁጥር ቀይሩት። ያለ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡና መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ 30 ቀን የሚለው ሕግ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን አዋጁን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አትምዘዙ። እኔ በተማሪነቴ በአንድ ቢሮ ውስጥ ይህን አድርጌ ባለሙያው ፈገግ ብሎ «እንግዲያው 30 ቀኑን እንጠቀምበት» አለኝ፤ ተጠቀመበትም። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፣ የትምህርት ዘመኑ ግን አልነበረም።

ደረጃ 4፦ የምትሄዱበትን ሳምንት ምረጡ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። የሩብ ዓመት ሪፖርቶች በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ መጨረሻ ስለሚዘጉ፣ በእነዚህ ወራት የመጨረሻ ሳምንትና በሚቀጥለው ሳምንት መረጃ ለመጠየቅ አትሂዱ። ከሁሉ የሚከፋው ሰኔ ነው፤ በጀት የሚዘጋበት ወር ስለሆነ የሚሰማችሁ የለም። ጎንደር ላይ ደግሞ አንድ የሚጨመር አለ፦ ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ ባሉት የጥምቀት ቀናት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ሳምንትም የቀበሌና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች በእንግዳ መቀበልና በጸጥታ ዝግጅት ስለሚጠመዱ ቀጠሮ ቢሰጣችሁም አትመኑት። የተሻለው ጊዜ ኅዳር፣ የጥር መጨረሻና የካቲት ነው።

ደረጃ 5፦ ናሙናውን አስሉ፤ አስቀድሞ ግን ናሙና ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ

በሦስቱ ቀበሌዎች በአንድ በጀት ዓመት በድምሩ 420 ልደቶች ተመዝግበዋል እንበል፤ በመጀመሪያው 210፣ በሁለተኛው 140፣ በሦስተኛው 70።

ከመዝገብ ለሚወሰደው መረጃ ናሙና አታውጡ። 420 መስመር ሁለት ቀን ተቀምጦ የሚገለበጥ ነው፤ ሁሉንም ውሰዱ። ይህን የምለው ብዙ ተማሪ ቀመሩን መጠቀም ግዴታ መስሎት በእጁ ያለውን ሙሉ መረጃ ቆርጦ ስለሚጥል ነው።

ናሙና የሚያስፈልገው ባለጉዳዮችን ለምታነጋግሩበት መጠይቅ ነው። የተለመደው የያማኔ ቀመር ነው፤ እርሱንም በቃል እንዲህ አስታውሱት፦ የጥናቱ ሕዝብ ብዛት፣ ለአንድ ሲደመር የሕዝቡ ብዛት ሲባዛ በስሕተት መጠኑ ካሬ፣ ይካፈላል።

1. የስሕተት መጠኑን 0.05 ውሰዱ፤ ካሬው 0.0025 ነው።
2. 420 ሲባዛ በ0.0025፣ 1.05 ይሆናል።
3. አንድ ጨምሩበት፦ 2.05።
4. 420ን ለ2.05 አካፍሉ፦ 204.88። ወደ ላይ አጠጋግታችሁ 205 አድርጉት።
5. ለየቀበሌው በድርሻው አከፋፍሉ፦ 103፣ 68 እና 34። ድምሩ 205 መሆኑን ፈትሹ።
6. የማይመለስና የሚበላሽ መጠይቅ ስለሚኖር አሥር በመቶ ጨምራችሁ 226 አባዙ።

ማስጠንቀቂያ። ድካም ለመቀነስ ሲሉ የስሕተት መጠኑን 0.10 የሚያደርጉ አሉ። በዚያ ስሌት ናሙናው 81 ብቻ ይሆናል፤ ለሦስተኛው ቀበሌ የሚደርሰውም 13 ወይም 14 ሰው ነው። በ14 ሰው ላይ ተመሥርታችሁ አንዱን ቀበሌ ከሌላው ጋር ማወዳደር አትችሉም። 0.10 የግድ ካስፈለገ ቀበሌ ከቀበሌ የሚያወዳድረውን የጥናት ጥያቄ አብራችሁ ሰርዙ።

ሌላው ጥፋት የሕዝቡ ብዛት ሳይታወቅ ቀመሩን መጠቀም ነው። ከመዝገቡ ሳይቆጠር፣ «በግምት» ተብሎ የተነገራችሁን ቁጥር ወደ ቀመሩ አታስገቡ።

ሦስተኛው ከሁለቱም የከበደ ነው። ቢሮ በር ላይ ቆማችሁ የምታነጋግሩት የመጣውን ባለጉዳይ ነው፤ ልጁን ጭራሽ ያላስመዘገበው ወላጅ እዚያ የለም። ስለዚህ «የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች እርካታ» ማለት ትችላላችሁ፤ «የነዋሪው ሕዝብ አመለካከት» ማለት ግን አትችሉም። ይህን ልዩነት በርዕሱ ላይ ካላስተካከላችሁት ፈታኙ ያስተካክለዋል።

ደረጃ 6፦ መጠይቁን በአማርኛ አስቡት

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ቢሆንም መጠይቁን ከእንግሊዝኛ አትተርጉሙ። ከሌላ አገር ጥናት የተቀዳ «የተቋሙ ተጠያቂነት ሥርዓት ውጤታማ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከእናንተ ክፍል ውጭ ላለ ሰው ትርጉም የለውም፤ መላሹም ላለማሳፈር ሲል መሐከለኛውን ቁጥር ያከብበዋል። የምትፈልጉትን ነገር በሚቆጠር ጥያቄ ጠይቁ፦

- ጉዳይዎን ለመጨረስ ስንት ጊዜ ተመላለሱ?
- የትኛውን ማስረጃ አምጡ ተባሉ? መጀመሪያ በመጡ ቀን ተነግሮዎት ነበር?
- ቅሬታ ቢኖርዎት ለማን እንደሚያቀርቡ ያውቃሉ?

በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገር አትክተቱ። «አገልግሎቱ ፈጣንና ፍትሐዊ ነው» ለሚል ጥያቄ ፈጣን ሆኖ ያዳላ ቢሮ ያጋጠመው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

በመጠይቁ ራስ ላይ ማን እንደሆናችሁ፣ ጥናቱ ለምን እንደሚውል፣ ስም እንደማይጻፍና መላሹ ባይፈልግ ሊተው እንደሚችል በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ይህን በቃል ንገሯቸው። በዕድሜ የገፉትን «እማማ»፣ «አባባ» ብላችሁ፣ ቁጭ ባሉበት ዝቅ ብላችሁ አነጋግሩ፤ ቆሞ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ወጣት ግብር ሰብሳቢ ይመስላቸዋል።

መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት በናሙናችሁ ውስጥ በሌለ አንድ ቀበሌ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑ ባለጉዳዮች ላይ ሞክሩት። በአምስት ደረጃ የሚለኩ ጥያቄዎች ካሏችሁ የክሮንባክ አልፋውን፣ ማለትም ጥያቄዎቹ አንድን ነገር በወጥነት መለካታቸውን የሚያሳየውን ቁጥር፣ በኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አስሉ፤ 0.70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀባይነት አለው። ከዚያ በታች ሲወርድ ተማሪዎች ደንግጠው ጥያቄ መሰረዝ ይጀምራሉ። አስቀድማችሁ በአሉታ የተጻፉ ጥያቄዎች ቁጥራቸው መገልበጡን ፈትሹ። «ሠራተኞቹ ያመናጭቁኛል» ለሚለው 5 የሰጠና «ሠራተኞቹ ያከብሩኛል» ለሚለው 5 የሰጠ ሰው በኮምፒውተሩ ዓይን አንድ ሆነው ከተቆጠሩ አልፋው መውደቁ አይቀርም።

ደረጃ 7፦ የመስክ ቀናት

1. ቢሮ ሲከፈት ተገኙ። መታወቂያችሁን፣ ምሪት ያለበትን የደብዳቤ ቅጂና ተራ ቁጥር የተሰጣቸውን መጠይቆች ያዙ።

2. ከባለጉዳዮች በፊት ኃላፊውን ወይም ቡድን መሪውን ሰላም በሉ፤ የት እንደምትቀመጡም አስፈቅዱ። የምትቀመጡበት ቦታ ከመስኮቱ የማይታይ ይሁን። ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው ሠራተኛው እያየው ስለ ሠራተኛው እውነቱን አይናገርም፤ ስለዚህ የምታነጋግሩት ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣውን ነው።

3. የመጀመሪያውን ሰው በዕጣ ከለያችሁ በኋላ ከሚወጡት በየሦስተኛው አነጋግሩ። ፊቱ ደስ ያላችሁን ሰው አትምረጡ። አንድ ሰው ፈቃደኛ ካልሆነ ቀጥሎ ያለውን ጠይቁና እምቢ ያሉትን ቁጥር መዝግቡ።

4. ሠራተኞች መጠይቁን እንዲያድሉላችሁ በፍጹም አትፍቀዱ። «እኛ እናስሞላልሃለን፣ ነገ ና» የሚለው ቸርነት የሚመለሰው በተመሳሳይ እስክሪፕቶ፣ በተመሳሳይ የእጅ ጽሑፍ በተሞሉ ሃምሳ ወረቀቶች ነው። አመስግናችሁ «የዩኒቨርሲቲው ደንብ ራሴ እንዳስሞላ ስለሚያስገድደኝ ነው» በሉ።

5. ከመዝገብ ስትገለብጡ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ተጠቀሙ፦ ተራ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የምዝገባ ቀን። የሕፃኑን ወይም የወላጆቹን ስም አትጻፉ፤ መዝገቡንም በስልክ ፎቶ አታንሡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ነገር ከነውርነት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

6. ከቀበሌው ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን መጠይቅ አገላብጣችሁ ያልተመለሰ ጥያቄ ፈልጉ። በዚያው ሌሊት ወደ ኮምፒውተር አስገቡ፤ ፋይሉንም ከፍላሽ ሌላ በሁለተኛ ቦታ አስቀምጡ። የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል ፍላሽ ቫይረስ እንደማያጣው ታውቃላችሁ።

የኃላፊዎች ቃለ መጠይቅ ለመጨረሻ ይቆይ። ከመዝገቡና ከባለጉዳዮቹ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ስትገቡ «አገልግሎታችን በአጥጋቢ ሁኔታ እየተሰጠ ይገኛል» ከሚለው መልስ ወዲያ መሄድ ትችላላችሁ። ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዱ፤ ካልተፈቀደ ጻፉ፤ በድብቅ አትቅዱ።

ሲሰናከል

*የመዝገቡ ቁጥርና ቢሮው ለበላይ የላከው ሪፖርት ካልተስማማ* ማንንም አትክሰሱ፣ አንዱንም አትደብቁ። ሁለቱንም ቁጥር በሠንጠረዥ አስቀምጡና ባለሙያውን የልዩነቱን ምክንያት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሪፖርቱ የሚዘጋበት ቀን ነው።

*በመዝገቡ ላይ ቀን ያልተሞላባቸው መስመሮች ካሉ* በግምት አትሙሏቸው። ቁጥራቸውን ለይታችሁ «የምዝገባ ቀን የሌላቸው» በሚል አሳዩ።

*ከተበተነው መጠይቅ የተመለሰው በቂ ካልሆነ* ወደ ዶርም አትሂዱ። አንድ ሳምንት ጨምራችሁ ወደዚያው ቀበሌ ተመለሱ፤ ያም ካልተቻለ የተመለሰውን ትክክለኛ ቁጥር ጽፋችሁ የጥናቱን ውስንነት በምትገልጹበት ክፍል ላይ አስረዱ። 160 እውነተኛ መጠይቅ ያለው ተማሪ በዲፌንስ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ 205 «የተሟላ» መጠይቅ ይዞ አንዱን ባለጉዳይ የት እንዳገኘው መናገር ያቃተውንም አይቻለሁ።

ደረጃ 8፦ ቀኖቹን በትክክል ቁጠሩ

የኮምፒውተር ሠንጠረዥ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። «20/11/2015» ብላችሁ ስታስገቡ ሐምሌን ትቶ የፈረንጆቹ 11ኛ ወር፣ ኖቬምበር፣ ይመስለዋል፤ ቀኖቹን ሲቀናንስም ጳጉሜን ጭራሽ አይቆጥራትም። ስለዚህ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገቡና ለእያንዳንዱ ቀን ተከታታይ ቁጥር በዚህ መንገድ አውጡ፦

1. ዓመቱን በ365 አባዙ።
2. ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ጨምሩ።
3. ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ጨምሩ፤ መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13 ነው።
4. ቀኑን ጨምሩ።

ሐምሌ 20 ቀን 2015 ተወልዶ ጥቅምት 5 ቀን 2016 የተመዘገበ ሕፃን እንውሰድ። የትውልዱ ቁጥር 735475 ሲደመር 503 ሲደመር 300 ሲደመር 20፣ በድምሩ 736298 ነው። የምዝገባው ደግሞ 735840 ሲደመር 504 ሲደመር 30 ሲደመር 5፣ በድምሩ 736379 ነው። ልዩነቱ 81 ቀን ስለሆነ ምዝገባው በ90 ቀን ገደብ ውስጥ ነው። በእጃችሁም ቁጠሩት፦ ከሐምሌ 10፣ ከነሐሴ 30፣ ከጳጉሜን 6፣ ከመስከረም 30፣ ከጥቅምት 5። ወሩን ሁሉ 30 አድርጎ ጳጉሜንን የዘለለ ተማሪ 75 ያገኛል። በዚህ ሕፃን ላይ ስሕተቱ አይታይም፤ በ93 ቀኑ የተመዘገበውን ግን 87 አድርጎ «በጊዜው የተመዘገበ» ውስጥ ያስገባዋል።

ይኸው ሕፃን በ2015 ዓ.ም. የተወለደ ቢሆንም የተመዘገበው በ2016 በጀት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ፤ የ2016 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ነውና። «2016» ብላችሁ በጻፋችሁበት ቦታ ሁሉ ዓመተ ምሕረት ወይስ በጀት ዓመት ማለታችሁ እንደሆነ ግለጹ። የወረፋ ሰዓት የምትለኩ ከሆነም ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር መዝግቡ፤ በአንድ ዓምድ ውስጥ 2:30 እና 8:30 ተቀላቅለው ባለጉዳዩ ስድስት ሰዓት የጠበቀ የመሰለበት ሠንጠረዥ አጋጥሞኛል።

ደረጃ 9፦ ከጽሑፉ በኋላ

የተሞሉትን መጠይቆች ዲፌንሱ አልፎ ውጤት እስኪገባ ድረስ አትጣሉ፤ ፈታኝ «እስቲ ቁጥር 47ን አሳየኝ» ሊል ይችላል። ጽሑፉ ቢያልፍም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ ስለሚያስፈልግ፣ የመስክ ሥራውን እስከ ግንቦት አታጓትቱ።

የጽሑፉን አንድ ቅጂ ወደ ቢሮው ስትወስዱ እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግኝቱን በግማሽ ገጽ አማርኛ ጻፉ፤ የክብር መዝገብ ሹሙ ሰማንያ ገጽ እንግሊዝኛ አያነብም፣ ስንት ሕፃናት ከ90 ቀን በኋላ እንደተመዘገቡበት ግን ማወቅ ይፈልጋል።